አጥንት የሆነው ዕጢ

የጉሮሮ ካንሰር ዛሬ ዛሬ ሰው አይገድልም። ሐኪሞቹ በመርፌ ወደ አጥንት ይቀይሩታል፤ አጥንት ደግሞ ወደ ሌላ አካል አይሰራጭም። ባለቤቴ ወርዶፋ ያንን መርፌ የተወጋ ዕለት እልል ብያለሁ።

አጥንት ግን እንደ ሥጋ አይለጠጥም፤ ጉሮሮው እየጠበበ ሄደ። መጀመሪያ እንጀራ ተወ፤ ገንፎ ብቻ ቀረው። ጉርሻዬም እያነሰ እያነሰ መጥቶ ሰሞኑን ሽንብራ አክሎ ነበር።

"ወፍ ነው እንዴ የምታጎርሺው?" እያለ ይስቅብኛል።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሟ፣ ከነገ ጀምሮ ምግቡ ሆዱ ላይ በሚተከል ቱቦ እንደሚገባ ነገረችን።

"አይዞዎት አባባ፣ ገና ብዙ ዓመት ይኖራሉ" አለችው።

ምሳ ላይ እሳት የመሰለ ገንፎ አቀረብኩ፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ የቀዘቀዘ ገንፎ ቀምሶ አያውቅም። ሽንብራ የምታህለውን አነሳሁለት፤ ራሱን ነቀነቀ። ይልቅ እጁን ታጥቦ፣ እንደ ሠርጋችን ዕለት ትልቅ ጉርሻ ቅቤው ውስጥ ነክሮ ወደ አፌ አመጣ።

"ኧረ ተው፣ ይኼን ሁሉ!"

"በሞቴ!"

ጎረስኩለት። ገና ሳልውጠው እጄ በልማዱ ወደ ገንፎው ሄደ፤ የጎረሰ መልሶ ያጎርሳላ። ያን ያህል መዋጥ እንደማይችል ትዝ ያለኝ አፉ ድረስ ካደረስኩ በኋላ ነው።

ወርዶፋ አላሳፈረኝም። አፉን ከፍቶ ተቀበለኝ፤ ግን አልዋጠም። ገንፎ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ የማያውቀው ሰውዬ፣ ጉርሻዬ አፉ ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይዞት ቆየ።