ማንኮራፋት የማይሰማ ማሽን

ከሁለቱ ወንድማማቾች አንዱ በእንቅልፉ ሞተ።

ታላቁ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሲያንኮራፋ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ባልደረቦቹ «ወፍጮው» ይሉታል። ታናሹ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሲተኛ ድምፁ አይሰማም። ወላጆቻቸው ከሞቱ ጀምሮ በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ይተኛሉ። ታላቁ ገና ፂም ሳያበቅል ጆንያ ተሸክሞ ነው ታናሹን ያሳደገው።

ታናሹ ጠዋት ራሱን እያመመው ይነሳል፤ ቀን ስፌት መኪናው ላይ ያንቀላፋል።

«ወፍጮ ቤት የሚያድር ሰው ምን እንቅልፍ አለው» ይላሉ ደንበኞቹ።

አንድ ሹፌር መሪ ላይ ተኝቶ ከመንገድ ከወጣ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሹፌሮቹን ሁሉ ሊያስመረምር ተነሳ። በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው መሪ አይጨብጥም ተባለ። ታላቁ ሌላ ሙያ አያውቅም።

ሁለቱም ክሊኒክ ሄዱ፤ አንዲት ባለሙያ የታላቁ ደረት ላይ ሦስት ቦታ ፀጉሩን ላጭታ ክብ ክብ ማጣበቂያ ለጠፈችበት። ሽቦዎቹን ከትንሽ መሣሪያ ጋር አገናኘች።

«እንዲሁ እንዳለ ቤትዎ ይተኙ። የልብዎን ምት ይመዘግባል። ኮምፒውተሩ የብዙ ሺህ ሰው ልብ አይቶ፣ ትንፋሽ ሲቋረጥ ልብ ምን እንደምትሆን ተምሯል።»

«ከእኔ በላይ ተምሯላ» አለ ታላቁ።

«ማንኮራፋቱንስ ይሰማል?» አለ ታናሹ።

«አይሰማም። ልብ ብቻ ነው የሚያነበው።»

ያን ቀን ማታ ታናሹ ምላጭ ሲያጥብ ታላቁ አየውና ሳቀ።

«ለማን ነው የምትቆነጀው?»

«ነገ ደንበኛ አለኝ።»

ጠዋት መሣሪያው ታላቁ ደረት ላይ ነበር፤ ማጣበቂያው ግን ላልቷል።

«አልቦኝ ነው» አለ ታላቁ።

ውጤቱ ከባድ ነበር። ትንፋሹ ሌሊቱን ሙሉ ሲቋረጥ አድሯል። ልቡ ዝግ ትልና እንደ ደነገጠ ሰው ትሮጣለች። መሪውን ተነጠቀ፤ አየር የሚነፋ ጭምብል ተሰጠው።

የታናሹ ፊት አመድ መሰለ።

«ማሽኑ ተሳስቷል» አለ።

«በምን አወቁ?» አለች ባለሙያዋ።

«አውቃለሁ።»

«ተወው ወንድምዬ» አለ ታላቁ። «እንኳን ማሽን፣ ጎረቤቱም ይመሰክርብኛል።»

ጭምብሉን ሲያጠልቅ ማንኮራፋቱ ቆመ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያ ቤት እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ታናሹን የሚቀሰቅስ ድምፅ ጠፋ። እሱ ግን ጸጥታውን ፈርቶ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል።

«ጋሼ፣ አውልቀው። ምንም የለብህም።»

«አንተ ልጅ፣ እንድሞት ነው የምትፈልገው?»

ታናሹ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

ጠዋት አንደኛው አልነቃም።

አስከሬኑን ለማጠብ ሸሚዙ ሲከፈት፣ ደረቱ ላይ ሦስት ክብ ቦታዎች ታዩ። የተላጨው ፀጉር ገና ብቅ ብቅ እያለ ነበር።

ሸሚዙን የከፈተው ወፍጮው ነው፤ ከቤቱ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ያን ሌሊት መሣሪያው የማንን ልብ ሲያነብ እንዳደረ ያኔ ገባው።