የጠዋት ፀሐይ

አማቷ ትናንት ማታ ከገጠር ገብተው፣ ገና ሲነጋ ጭቅጭቁን ጀመሩ። «ሕፃን ቅቤ ተቀብቶ ፀሐይ ይሞቃል። ያንቺ ግን እንደተሰረቀ ዕቃ ፊቱ ሳይቀር ተሸፍኗል።»

«ይበርደዋል ብዬ ነው፣ እማማ።»

«በዚህ ፀሐይ? ውሸትሽ እንኳ አያምርም።»

ፀሐይ ቆዳውን እንደሚያቃጥለው ሐኪሙ ነግሯታል። ይህን ለማስረዳት ግን ልጁን ገልጣ ማሳየት ሊኖርባት ነው። ባሏ ልጁ እንደተወለደ አይቶት፣ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም፤ ከማን ወለድሽው?» ካላት ወዲህ አናግሯት አያውቅም። አሁንም በረንዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጧል። እናቱም እንደ እሱ ካሉ መሄጃ የላትም።

ውሃ ልታሞቅ ጓዳ ገብታ ስትመለስ፣ አማቷ ሕፃኑን ግቢው መሃል አውጥተው መጠቅለያውን ፈተውታል። ፀጉሩ ነጭ፣ ቅንድቡ ነጭ፣ ገላው ነጭ። ቅቤ የነካው ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

«እማማ፣ እኔ...»

«ዝም በይ።» ነጠላቸውን ገፈው ሕፃኑን ሸፈኑትና ወደ በረንዳው ጥላ አስገቡት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«የማታውቀው አጎት ነበረህ» አሉት። «ልክ እንደዚህ ነጭ ነበር። ቅቤ እየቀባን፣ ፀሐይ ላይ እያሰጣን ነው የጨረስነው። ተነስና ጃንጥላ አምጣ።»