የተጣፈው ነጠላ

ኩልሱም ብቻዋን ከአገር ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ልጇ ዙሌይካ ሱዳን ምድር፣ ገዳሪፍ፣ የበኩር ልጇን ልትወልድ ነውና ሳትደርስላት ምጥ እንዳይቀድም ብላ በማለዳ ከጎንደር ተነሣች። የተሳፈረችበት፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደው ማኪና ግን ጭልጋ ላይ እንደ ሰነፍ በቅሎ ተኛ። ሾፌሩም ከሥሩ ገብቶ አልወጣም አለ።

ኩልሱም ዋርካ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ትናንት ነጠላዋን ፍም አቃጥሎባት፣ ነጭ ክር ብታጣ በአረንጓዴ ጥፋው ነበር። ኩራት አታጣምና የተጣፈውን ወደ ውስጥ አጥፋ ደበቀችው።

ቀኑ ሲያዘቀዝቅ ከሱዳን የሚመጣ ማኪና አጠገቧ ቆመ። ሾፌሩ ዐብደላ የጎረቤቷ ልጅ ነው።

«ምነው እማ ኩልሱም፣ ትናንት ዙሌይካ ቤት ትቼዎት፣ በምን ቀደሙኝ?»

«ትናንት ጎንደር ልብስ ስጥፍ ነው የዋልሁት። በረሃው አናትህን መታህ እንዴ?»

«ይቀልዳሉ» ብሎ ሳቀ። «ሸጋ ወንድ ልጅ ታቅፈው አይደል የተለያየነው? ለሰፈሩ አብስርልኝ፣ ምልክት ይሁንህ ብለው ሕፃኑን የጠቀለሉበትን የሰጡኝ ማን ሆነና?»

ከወንበሩ ጀርባ ነጠላ አውጥቶ ሰጣት። የአራስ ልጅ ጠረን አለው። ጫፉን ብትገልጠው በአረንጓዴ ክር ተጥፏል፤ የተንጋደደው ስፌት የእሷው የእጇ ነው። ትከሻዋን ዳበሰች። የራሷ ነጠላ እዚያው ነበር።

የዐብደላ ሳቅ ቆመ። ከተኛው ማኪና ሥር ሾፌሯ አሁንም ብረት ይቀጠቅጣል።

«ዐብደላ» አለች ቀስ ብላ፣ «ልጄን ከማን ጋር ነው ትተሃት የመጣኸው?»