ደፍ ያቆማት ሮቦት

«ሲሊንደሩ በየትኛው ጥግ ነው?» ይለኛል አብተው፣ አንድ ባልዲ ውሃ በራሱ ላይ እየደፋ። ባሌ ነው። እሳት አደጋ ሠራተኛ ስለሆነ ሥራው ይኸው ነው። እኔ ግን አልነግረውም።

«አገሬ!»

«አልሰማሁም።»

የእድራችን ዕቃ ቤት እየነደደ ነው። ኮረንቲ ነው ይላሉ። የሐይቅ ከተማ ገበያተኛ ግማሹ መንገዱን ዘግቶ ምክር ይሰጣል። ውስጥ ድንኳን አለ፣ ወንበር አለ፣ ሙሉ በግ የሚውጥ ብረት ድስት አለ፤ ከሁሉም ኋላ ደግሞ ትናንት የተሞላ የቡታጋዝ ሲሊንደር አለ። እሱ ከፈነዳ ከግድግዳው ማዶ የተያያዙት ሰባት ቤቶች አብረው ይሄዳሉ። ሰዉን አውጥተናል፣ ቤት ግን አይወጣም። ሲሊንደሩ የት እንደቆመ የማውቀው ዕቃ ጠባቂዋ እኔ ብቻ ነኝ። ብናገር ባሌ ይገባል።

ባጃጅ ጡሩንባዋን እየነፋች ሕዝቡን ትሰነጥቃለች። የቴክኒክ አስተማሪው ሙዘይን ይወርዳል፤ ከተማሪዎቹ ጋር ሁለት ዓመት የለፋባትን ነገር አቅፎ ያወርዳል። አራት ጎማ፣ የባጃጅ ባትሪ፣ ከፊት ረጅም መንጠቆ፣ ከላይ የጣት ጥፍር የምታክል ካሜራ። ከኋላዋ የውሃ ቱቦ ያስሩላትና ራሷን እያረሰረሰች ትቆማለች።

«ሮቦት ናት» ይላል። «ሰው ከማይገባበት ትገባለች። እኔ ከዚህ ሆኜ በሪሞት እነዳታለሁ።»

«ምን ትበላለች?» ይላል አንዱ፣ በዚህ መሀል እንኳ ሳቅ አለ። እኔም አላፍርም፣ አንገቴን አስግጌ አያታለሁ። እንዲህ ያለ ፍጥረት አይቼ አላውቅማ!

እየተንቀጠቀጠች ትሄዳለች። በሩ ጋ ስትደርስ ደፉ ይገታታል። ጎማዋ ባዶውን ይሽከረከራል። ወደኋላ ትልና እንደገና ትሞክራለች፣ አሁንም ያው ነው። ክረምት ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ እንዳይገባብን ደፉን በሲሚንቶ ከፍ ያደረግነው እኛው ነን፣ ወለሉንም በአፈር ሞልተን ከሱ እኩል አድርገነዋል።

«ትምህርት ቤት የሞከርናት ሜዳ ላይ ነበር» ይላል ሙዘይን፣ ላቡ ጠብ እያለ።

«አንተ እዚሁ ሐይቅ አይደል የተወለድከው? ደፍ የሌለው ቤት የት አየህ?» እለዋለሁ።

«ወላሂ አላሰብኩትም።»

አብተው እርጥብ ብርድ ልብስ ይከናነባል። «በቃ፣ እገባለሁ። ባትነግሪኝም እየዳበስኩ አገኘዋለሁ።»

ዝም ማለቴ እንደማያስቀረው አሁን ይገባኛል። ዓይኔ ሲዋትት ውጭ ግድግዳ ላይ የተደገፈውን ቃሬዛ ያያል። የእድሩ ነው፣ አስከሬን የምንሸከምበት፣ ወለሉ ጥፍጥፍ ላሜራ የሆነ። ሄጄ እይዘዋለሁ።

የእድሩ ዳኛ ሸህ ሀሚዱ ክንዴን ጨበጥ ያደርጋሉ። «አንቺ ሴት! ያለ ሟች ቃሬዛ ይነሳል? ሟርት አትጥሪብን!»

እስላሙም ክርስቲያኑም እዚህ ላይ አንድ ነው፣ ባዶ ቃሬዛ ካነሱት ሰው ሳይዝ አይመለስም።

«አሁን ባዶውን ካልተነሳ ማታ አብተውን ይዞ ይነሳል፣ ሸህ ሀሚዱ።»

እኔን ያያሉ። አብተውን ያያሉ። «ያ ረቢ» ይሉና ዘንጋቸውን ጥለው ሌላውን ጫፍ ራሳቸው ያነሱልኛል። አንዱን ጫፍ ደፉ ላይ አሳርፈን እንደ መወጣጫ እናጋድመዋለን። ሮቦቷ ላሜራውን እያንኳኳች ወጥታ ጭሱ ውስጥ ትጠፋለች።

«በጭሱ የቱ ምን እንደሆነ አይለይልኝም» ይላል ሙዘይን፣ በእጁ ያለችውን ትንሽ ስክሪን እያሳየኝ። «ወዴት ልበል፣ እትዬ አገሬ?»

አሁንማ ምን ያስፈራኛል? «ግራህን ይዘህ ሂድ። ወንበር ይነካሃል... ነካህ? አሁን ወደ ድስቶቹ ዙር።»

አሥራ አንድ ዓመት የጠረግኩትን ቤት ከቁርጭምጭሚት ከፍታ አይቼው አላውቅም። ጭሱ መሬቱ ጋ ሳሳ ይላል፣ የወንበሩ እግር ጫካ ሆኗል። ድስቱ ሥር የጠፋው ጭልፋችን ተጋድሟል! ስንቱን ሰው አማሁበት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«እዚያ ጋ፣ ከምሰሶው ኋላ!»

መንጠቆው አንዴ ይስታል። ደግሞ ይስታል። ሙዘይን ከንፈሩን ነክሶ ትንፋሹን ይውጣል። በሦስተኛው እጀታውን ይይዛል።

«አብሽር፣ ሳብ!» ይላሉ ሸህ ሀሚዱ።

ኋልዮሽ እየጎተተች ትወጣለች። ሲሊንደሩ በቃሬዛው ላይ ተንሸራቶ ሲወርድ አብተው ሮጦ ውሃ ያወርድበታል፤ እንፋሎቱ ሁለቱንም ይሸፍናቸዋል። አይፈነዳም። እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። የሮቦቷ ጎማ ቀልጧል፣ ካሜራዋ የለም፣ ሙዘይን ግን እንደ ጥጃ ያሻሻታል።

እሳቱ ሲበርድ ቃሬዛው ወደ ቦታው መመለስ አለበት። በእኛ ደንብ ዱዓ ሳይደረግና የሟቹ ስም ሳይጠራ አይመለስም። ሸህ ሀሚዱ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ሕዝቡም ይዘረጋል። ዱዓው አልቆ ስም መጥሪያው ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። የሚጠሩት ስም የላቸውም። ዞር ዞር ብለው ያዩናል፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ለቀብር እንደሚያደርጉት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«አብተው...»

«አቤት!» ይላል ባሌ ከቤቱ ጀርባ፣ ቱቦውን እየጠቀለለ፣ ለሥራ የጠሩት መስሎት።