የአናጢው መዝገብ

በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ከፊቱ የተሰለፈችው ሴት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ከነአያቱ የጠራችው ስም የራሱ የአናጢው ስም ነበር። «የኪሳራ መዝገቡን ፈልጌ ነው» አለች፣ ወደ መስኮቱ ተጠግታ። ልጇ የአናጢውን ሴት ልጅ ሊያገባ ቀን ተቆርጧል። አናጢው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የመጣው እኮ ያንኑ መዝገብ አስገልብጦ፣ ወሬ ሳይቀድመው በገዛ እጁ ሊሰጣት ነበር። ሰዉ እንደሆነ የከሰረን ከሰረቀ አይለይም።

«ከሰውየው ጋር በልጆቻችን ልንዛመድ ስለሆነ…» ብላ ማስረዳት ጀመረች።

«እማማ፣ መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው፤ ማንም ይሁኑ» አለ ጸሐፊው። «ግን ዓመቱን ካልነገሩኝ፣ ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ እንኳን እኔ ሰይጣንም አያገኘው።»

ዓመቱን አታውቀውም። አናጢው ሹልክ ብሎ ቢወጣ ባዶ እጇን በተመለሰች። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠረገና ዓመቱን ጮክ ብሎ ተናገረ። ወርክሾፑ የታሸገበትን ዓመት እንዴት ይረሳዋል?

ሴትዮዋ ዞረች። ፊቷ በርበሬ መሰለ። «እርስዎን መጠየቅ ነበረብኝ» አለች።

«እኔም ቀድሜ መንገር ነበረብኝ።»

ጸሐፊው ሁለቱን አፈራርቆ አየና «ለየብቻ ላስገልብጥላችሁ?» አለ።

«አንድ ይበቃናል» አለች ሴትዮዋ፣ ፈቀቅ ብላ ለአናጢው ከጎኗ ቦታ እየሰጠችው። «አብረን ነን።»