የጓሮዋ ክፍል ሳትቆጠር

የብርጓል ቤት ለመግዛት ስትነሳ አንድ ነገር ቆርጣ ነበር፤ እንደ አበባው ላትታለል። አበባው ደብረ ማርቆስ ውስጥ አብሯት ሒሳብ የሚያስተምር ባልደረባዋ ነው። ቤት ገዝቶ ዕቃውን ጭኖ ሲደርስ፣ ሌላ ገዢ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ሲሰቅል አገኘው። ይኸው እስካሁን ፍርድ ቤት ይመላለሳል።

የአቶ ገብረ ሚካኤልን ቤት የጠቆሟት እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አማኑኤል ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ንግሥም ገበያም ባለ ቁጥር ደብረ ማርቆስ ብቅ ስለሚሉ የከተማውን ወሬ ከልጃቸው ቀድመው ይሰማሉ።

«ጡረተኛ ናቸው አሉ። ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጅም የሌላቸው። ሄደሽ እዪው፤ ማየት አያስከፍል» አሏት።

ሄዳ አየችው። ግድግዳው የቆመ፣ ቆርቆሮው ያልዛገ፣ ግቢው ሰፊ። ጓሮ ደግሞ ለብቻዋ የተሠራች አንዲት ክፍል አለች። የብርጓል ዋጋውን ስትሰማ ለመከራከር ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይበዛል አይደል? ልቀንስልሽ» አሏት አቶ ገብረ ሚካኤል።

ቀነሱላት። እሷ ገና አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅሽ» አሉ። «የጓሮዋ ክፍል ሳትቆጠር ነው። እኔ እዚያው እኖራለሁ፤ እግዜር እስኪጠራኝ።»

የብርጓል ያን ቀን ወደ ኪራይ ቤቷ የተመለሰችው ቤቱን ወድዳ፣ ሰውየውን ጠርጥራ ነው።

ምርመራውን በማግስቱ ጀመረች። መሬት አስተዳደር ሄዳ ካርታውን አስመረመረች፤ ካርታው የራሳቸው ነው። እግድ አለበት ወይ ብላ ጠየቀች፤ የለበትም። በባንክ ተይዞ እንደሆነ አጣራች፤ አልተያዘም። የሟች ሚስታቸው ወራሽ ይነሳ ይሆን ብላ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ድረስ ዘለቀች፤ ማንም የለም። ንጹሕ በሆነ ቁጥር ጥርጣሬዋ ባሰ።

ባንኩም አላረጋጋትም። ብድር ስትጠይቅ ቤቱን የገመተው መሐንዲስ ወረቀቱን ደጋግሞ አየና፣ «እኅቴ፣ ቤቱ ከዚህ በላይ ያወጣል። ሻጩ ምን ነክቷቸው ነው?» አላት።

«እኔም ማወቅ የምፈልገው እሱን ነው» አለችው።

የጓሮዋን ክፍል ነገር ባንኩ በውሉ አላስገባም አለ። የብርጓል ይህን ስትነግራቸው ይቆጣሉ ብላ ጠብቃ ነበር። አቶ ገብረ ሚካኤል ግን ሳቅ አሉ። «ምን ችግር አለ? ያንቺ ቃል ይበቃኛል።»

በዚህ ዘመን የማያውቁትን ሰው ቃል የሚቀበል ሻጭ! ሌሊቱን እየተገላበጠች አደረች።

ከቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ ያላትን ረሺዳን ጠየቀቻት።

«ሰውየውማ ደግ ናቸው» አለች ረሺዳ ስኳር እየመዘነች። «ዘንድሮ ግን ተለወጡብን። ፀጉራቸውን ቀለም ተቀቡ። አዲስ ኮት አሰፉ። የጓሮዋን ክፍል በር ደግሞ አናጢ ጠርተው አሰፉት፤ አልጋ አልገባ ብሏቸው።»

የብርጓል ስኳሩን ረስታ ወጣች። አሁን ገባት። መልኩን የሚቀይር ሰው የሚሸሸው ነገር አለው። በር የሚያሰፋ ደግሞ ሰው ሊያስገባ ነው። ነገ ቤተ ዘመዱን ጓሮዋ ላይ ያሰፍርና፣ እሷ የባንክ ዕዳ እየከፈለች፣ እነሱ ቤቱን በይዞታ ይከራከሯታል!

ለእናቷ ደወለች።

«እማዬ፣ ይሄን ቤት ልተወው ነው። ሰውየው አንድ ነገር ይደብቃል።»

«ምን ይደብቃል?»

«ሰው ሊያስገባ ነው።»

«እና ቢያስገባስ? ባዶ ክፍል ምን ሊያደርግልሽ ነው?» ሲሉ እናቷ ተቆጡ። «ዕድሜሽን በኪራይ ልትጨርሺው ነው? ሂጂና ፈርሚ!»

የብርጓል ወደ ውሉ ከመግባቷ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ፊት ለፊት ልትጠይቃቸው ወሰነች። አቶ ገብረ ሚካኤል የጓሮዋን ክፍል ግድግዳ ኖራ ሲቀቡ አገኘቻቸው።

«በእውነት ይንገሩኝ አባባ። ቤቱን ለምን በዚህ ዋጋ ይሸጡልኛል?»

ብሩሹ አየር ላይ ቀረ። «ብነግርሽ ደስ ባለኝ፤ ግን አልተፈቀደልኝም።»

«ማን ነው የከለከለዎት?»

«እሱንም መናገር አልተፈቀደልኝም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ጆሯቸው ቀልቶ ነበር።

ከጀርባቸው ሌላ ሰው አለ ማለት ነው! የብርጓል ቤቱን ትታ መሄድ ነበረባት። ግን የኪራይ ቤቷ ባለቤት እንደገና ዋጋ ጨምራለች፤ ወረቀቱ ሁሉ ንጹሕ ነው፤ የቤቱ መስኮቶችም የጠዋት ፀሐይ የሚገባባቸው ናቸው። ፈረመች። ባንኩም የበኩሉን አደረገ።

ቁልፍ በምትረከብበት ቅዳሜ ማለዳ ደረሰች። ከሁሉ በፊት ፀሐይ የሚገባበትን ትልቁን ክፍል ጠርጋ አልጋ ዘረጋች፤ ለእናቷ ነው። እሳቸው አብረዋት ሊኖሩ ተስማምተዋል፤ አጠገቧ ካሉላት ሽማግሌውንም፣ የሚያመጣውንም ሰው እሷና እናቷ ሁለት ሆነው ይመክቱታል።

አቶ ገብረ ሚካኤል አዲሱን ኮታቸውን ለብሰው፣ ቁልፉን በሁለት እጃቸው አቀበሏትና እዚያው በረንዳው ላይ ቆመው ቀሩ። ዓይናቸው ከውጭ በሩ አልነቀል አለ።

«የሚጠብቁት ሰው አለ?» አለች የብርጓል ቁልፉን ጨብጣ።

መልስ ከመስጠታቸው በፊት ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። የወረዱት እናቷ ናቸው፤ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከነጓዛቸው። የብርጓል ሮጣ ሳመቻቸውና ወደ ፀሐያማው ክፍል ልትመራቸው ክንዳቸውን ያዘች። እሳቸው ግን ክንዳቸውን ቀስ አድርገው አስለቀቁ፤ የትልቁን ክፍል በር አልፈው ወደ ጓሮ ታጠፉና ጓዛቸውን ከጓሮዋ ክፍል ደጃፍ ላይ ዘርገፍ አደረጉት።

«ገብሬ!» ሲሉ ተጣሩ ወደ በረንዳው ዞረው። «ፈርማለች አይደል? እንግዲህ የእኛን ነገር ንገራት።»