ሙሉ ዓረፍተ ነገር ካልተናገሩ ውሃ የለም

"ው…ሃ…"

"እንደሱ አይባልም! ሙሉ ዓረፍተ ነገር… በእንግሊዝኛ!"

ጎልማሳው ልጅ ብርጭቆውን ከአባቱ አፍ አርቆ ይዟል።

አባትየው ዕድሜ ልካቸውን እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውንም ምላሳቸውንም አስሮባቸው አልጋ ላይ ውለዋል።

"መጀመሪያ ባለቤቱ፣ ቀጥሎ ግሱ! እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩን?"

መርፌ ልትወጋቸው ቤታቸው የመጣችው ነርስ ደሟ ፈላ።

"አንተ! ለገዛ አባትህ? ግፍ አትፈራም?"

ሳቀ… ሳቅ ከተባለ።

"አባዬ ብለናቸው አናውቅም፤ ቲቸር ነው የምንላቸው። እኔ ደግሞ ስናገር እንተባተብ ነበር… ማዕድ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሳልደናቀፍ ካልጨረስኩ ሳህኔ ይነሳል። እናቴ ትራስ ስር ዳቦ ባትደብቅልኝ ኖሮ…"

ነርሷ ግን ብርጭቆውን ከእጁ ነጠቀችው። (እኔ ብሆን ጥፊም እጨምርለት ነበር!)

"አንተስ ዳቦ የሚደብቅልህ ሰው ነበረህ… እሳቸው ማን አላቸው?"



ሽማግሌውን አጠጥታ ቀና ስትል በሩ ላይ የቆመች ሕፃን አየች። የጎልማሳው ልጅ ናት… ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው።

"ነይ የኔ ቆንጆ፣ ምሳ በላሽ?"

ከኋላዋ ጠረጴዛው ላይ ያልተነካ ሳህን ይታያል።

ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል… ዓረፍተ ነገር እየገጣጠመች ነው!

"አይ… አይ ሃቭ… ኖ… ኖት…"

ተደናቀፈች። በፍርሃት ወደ አባቷ ዞረች።

"ቲቸር… ልድገመው?"

ጎልማሳው ክው አለ።

አልጋው ላይ ያሉት ሽማግሌ እንባቸው ትራሱን አራሰው። በዚያ በታሰረ ምላስ እየታገሉ…

"ብ…ዪ… ብዪ ልጄ…"

ልጅቷ ግን ወደ ሳህኑ አልተንቀሳቀሰችም። የአባቷን ፈቃድ እየጠበቀች ነበር።

ወገኖቼ… የበደለንን ሰው ጠልተን ጠልተን፣ ልማዱን ግን ሳናውቀው እንወርሰዋለን።

ብድር በምድር እንላለን… ብድሩን የምትከፍለው ግን ያልተበደረችው ልጅ ናት!

እናንተስ? "እኔ ልጄ ላይ አላደርገውም" ብላችሁ የማላችሁበትን ነገር፣ አንድ ቀን ከገዛ አፋችሁ ሲወጣ ሰምታችሁት ታውቃላችሁ?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ… ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ባይሆንም አነበዋለሁ።